ስለ ሽንት የማወራቸው ሰዎች

ይህ ጽሑፍ ስለ ሽንት ነው። ስለ ሽንት ፊኛ ካንሰር። የተሳቀቀ ሰው ካለ አልፈርድበትም። እኛ አገር ስኳርና ደም ግፊት ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ይወራል። ጨጓራማ በየቡናው ነው። ከእምብርት በታች ያለው ግን በሹክሹክታ ነው፤ ሴት ከሆንሽ ደግሞ በሹክሹክታም አይነሳም። እኔን የያዘኝ በሽታ ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ወይ ዝም ማለት ነበረብኝ፣ ወይ የሚሰማኝ ሰው መፈለግ። ፈለግኩ፣ አገኘሁም። የምጽፈው ስለ እነዚያ ሰዎች ነው።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ልብስ እሰፋለሁ። አንድ የጾም ሰሞን ሽንቴ ቀላ። አላመመኝም፣ አላቃጠለኝም። ጎረቤቴ «ቀይ ሥር በልተሽ ነው» አለችኝ። እውነትም ቀይ ሥር ሽንት ያቀላል፣ በጾም ደግሞ ከገበታ አይጠፋም። ጠፋ። ቆይቶ ተመለሰ፣ አሁን ግን ቀይ ሥር የሚባል አልቀመስኩም። ክሊኒክ ሄድኩ፣ ኢንፌክሽን ነው ተባልኩ፣ ሲፕሮ ታዘዘልኝ፣ ደሙ ቆመ። እንደገና መጣ፣ ሌላ አንቲባዮቲክ፣ እንደገና ቆመ። አንዱ ባለሙያ ዕድሜዬን ጠየቀኝና «የማረጥ ጣጣ ነው» ብሎ ሸኘኝ።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። የፊኛ ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው የመጀመሪያ ምልክት ሕመም የሌለው ደም ነው። ደሙ በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ሲጠፋ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። በሽታው ወንዶችን ከሴቶች ሦስት አራት እጥፍ ስለሚይዝ፣ ሴት «ደም አየሁ» ስትል የሁሉም ሐሳብ መጀመሪያ ወደ ማሕፀን ነው የሚሄደው፣ ቀጥሎ ወደ ኢንፌክሽን፤ በዚህ የተነሳ ብዙ ሴት ዘግይቶ ነው የሚታወቅላት። ሽንትሽ ላይ ደም ካየሽ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ሄደሽ ታዪ። መድኃኒት ወስደሽ ከተመለሰ ደግሞ «አልትራሳውንድ ይታዘዝልኝ፣ ፊኛዬ በካሜራ ይታይልኝ» በዪ። ብታፍሪም በዪ።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም አልትራሳውንድ አዘዘችልኝ። ፊኛዬ ውስጥ የበቀለ ነገር ታየ፣ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ግን ለእኔ አልተነገረኝም። ወንድሜ ተጠራ። እኔ ኮሪደር ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ በሩ ሲዘጋ አየሁ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። «ቁስለት ነው፣ ታክሞ ይድናል» አለኝ። በማግስቱ እህቴ ከጎንደር መጣች፤ ያለ ወትሮዋ ውሃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ። ያኔ ገባኝ።

አልወቅሳቸውም። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም፤ መርዶ እንኳ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ይህ መርዶ ግን የራሴ ነበር። እነሱ ለእኔ ያስመስላሉ፣ እኔ ለእነሱ አስመስላለሁ፣ ማታ ማታ እንዳይሰሙኝ ትራስ ነክሼ አለቅሳለሁ። ከበሽታው ይልቅ ያደከመኝ ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ ቀን ወረቀቱን ከወንድሜ ቦርሳ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ «ካንሰር ነው፣ አውቄያለሁ» አልኩ። ሁሉም አለቀሱ። እኔ ግን የዚያን ቀን እንቅልፍ ተኛሁ።

ከዚያ ምክንያት ፍለጋ ተጀመረ። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ ምክንያት ይዞ ይመጣል። በጣም የተደጋገመው «የጣና ውሃ ነው፣ ቢልሃርዚያ ነው» የሚለው ነበር። ሐይቁ ዳር ያደግን ልጆች ውሃው ውስጥ ነው የዋልነው፤ ብዙዎቻችንን ቢልሃርዚያ ይዞናል፣ ይህ እውነት ነው። ቢልሃርዚያ ከፊኛ ካንሰር ጋር ዝምድና እንዳለውም እውነት ነው፣ ግን አንዱ ዓይነት ብቻ። ፊኛ ላይ የሚሰፍረው ሄማቶቢየም የሚባለው ነው፤ እሱ በአገራችን የሚታወቀው እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ነው። የጣናው ማንሶኒ ይባላል፤ የሚጎዳው አንጀትና ጉበት ነው። እሱም መታከም አለበት፣ ግን የእኔን ፊኛ እሱ አላመመውም።

ትልቁ መንስኤ ሲጋራ ነው። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ከሲጋራ ጋር የተያያዘ ነው። ጭሱ የሚገባው ሳንባ ቢሆንም መርዙ በደም ይዞራል፣ በኩላሊት ይጣራል፣ ከዚያ ሽንት እስኪወጣ ድረስ ፊኛ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል። ቀለም፣ ጎማና ቆዳ ሥራ ላይ ከአንዳንድ ኬሚካሎች ጋር ዘመናቸውን የፈጁ ሰዎችም ይጋለጣሉ። እኔ አጭሼ አላውቅም፣ ጨርቅ እሰፋለሁ እንጂ ነክሬ አላውቅም። ለምን እንደያዘኝ አይታወቅም። ከዚህ ጋር ለመኖር ጊዜ ወስዶብኛል፤ ሰዎች ምክንያት ሲያጡ ኃጢአት ይፈልጋሉና።

የእኔ ወደ ፊኛው ጡንቻ ያልዘለቀ ዓይነት ነበር። በሽንት መውጫ በኩል በገባ መሣሪያ ተፍቆ ወጣልኝ፣ ሆዴ አልተቀደደም። ችግሩ ይህ በሽታ መመለስ ይወዳል። እንዳይመለስ ቢሲጂ ታዘዘልኝ። አዎ፣ ያው ሕፃናት ክንዳቸው ላይ የሚወጉት የቲቢ ክትባት። ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቲቢ ሲሰጥ የኖረ ነው። በ1976 ደግሞ ካናዳ ውስጥ አልቫሮ ሞራሌስ የሚባል ሐኪም ፊኛ ውስጥ ቢጨመር ለካንሰሩ እንደሚሠራ ጽፎ አሳወቀ። የተዳከመ ግን ሕያው ባክቴሪያ ነው። ፊኛ ውስጥ ሲገባ የሰውነት መከላከያ ይነሣበታል፣ በዚያው ካንሰሩንም ይመታል። በዓለም ላይ እጥረት ስላለበት ማግኘቱ ራሱ ፈተና ነው። ሲገኝልን ወንድሜ ስልክ ላይ እልል አለ።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ ለ6 ሳምንት። ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫ ይገባል፣ መድኃኒቱ ይፈስሳል፣ ቱቦው ይወጣል፣ ከዚያ ለሁለት ሰዓት ያህል ሳትሸኚ ትይዢዋለሽ። መያዙ ነው ከባዱ። ከሸናሽ በኋላም አላለቀም፤ ሕያው ስለሆነ ለ6 ሰዓት ያህል በሸናሽ ቁጥር ሽንት ቤቱ ውስጥ በረኪና ትጨምሪያለሽ፣ ትንሽ ትቆያለሽ፣ ከዚያ ውሃ ትለቂያለሽ። እኔ አዲስ አበባ የማርፈው የአክስቴ ልጅ ጋ ነው። ግቢው የኪራይ ቤቶች ግቢ ነው፣ ሽንት ቤቱ የጋራ። የበረኪናውን ጠርሙስ በነጠላዬ ሥር ደብቄ እመላለሳለሁ። ያቃጥላል፣ በየሩብ ሰዓቱ ያስሮጣል፣ በሩ ላይ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። «ሆዷን አሟት ነው» ትላቸዋለች የአክስቴ ልጅ። እንኳን ሆዴ ሆነ እላለሁ በልቤ፣ ሆድ ይወራልና።

መንገዱም አለ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአውሮፕላኑ ዋጋ ለእኔ አይቀመስም፣ መንገድ የተዘጋ ሰሞን ግን ተበድረን በሱ ሄደናል። በአውቶብስ ስሄድ ከደጀን ወርደን ጎሃ ጽዮን እስክንወጣ፣ ያ አባይ በረሃ፣ ገደልና መታጠፊያ ብቻ፣ የፊኛዬ ጭንቅ እዚያ ነው የሚጀምረው። ወንድ ዞር ይላል። ሴት የት ትዞራለች?

የዘጌውን ሰው ያገኘሁት አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። መድኃኒቱን ይዤ ሰዓት እቆጥራለሁ። እግሬን አጣምሬ እወዛወዛለሁ። አጠገቤ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ቆዩና «ስንተኛሽ ነው?» አሉኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ሰው አነጋግሮኛል። «አይዞሽ» ያለኝ፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» ያለኝ፣ ያለቀሰልኝ፣ ፍየል ያረደልኝ። «ስንተኛሽ ነው?» ያለኝ ግን አልነበረም። ምን ይዤ እንደተቀመጥኩ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚጠይቀው። «ገና ነኝ አያ» አልኳቸው፣ እንባዬ መጣ።

«ወደ መጨረሻው ማቃጠሉ ይብሳል፣ እንዳትደነግጪ። ትኩሳቱ ሁለት ቀን ካለፈ ወይ ካንቀጠቀጠሽ ግን ቤት አትቀመጪ፣ ተመለሺ። እዚህ የመጣሽ ቀን ቡና አትጠጪ። አውቶብስ ላይ ከፊት፣ በሩ አጠገብ ተቀመጪ። ረዳቱን ቀድመሽ ጠርተሽ ‹በሽተኛ ነኝ፣ ስልህ አስቁምልኝ› በዪው። የትልቅ ሰው ዳይፐር ፋርማሲ አለ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይሸጡልሻል።» ይህን ሁሉ ያሉኝ በዝግታ፣ የቡና ተክል አተካከል እንደሚያስተምር ገበሬ ነው። የቡና ሰው ናቸው ለካ።

«ለእርስዎ ሠራልዎት?» አልኳቸው።

«ለኔ አልሠራም። ፊኛው ወጣ። ይኸው አለሁ» አሉኝ፣ ጋቢያቸውን ሆዳቸው ላይ ዳሰስ አድርገው።

እውነቱን ስላልደበቁኝ ነው ያመንኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «ይሠራል፣ ይሠራል» ብሎ ያልፈኝ ነበር።

ባሕር ዳር ከተመለስኩ በኋላ ለገበያ ሲመጡ እንገናኛለን። ከዘጌ በጀልባ ይመጣሉ። ቀጥሎ አንድ ጡረተኛ መምህር ተጨመሩ፣ አንዲት ሲስተር ናት «ሰው አለ» ብላ ያገናኘችን። ከዚያ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር። ከዚያ እናቷን የምታስታምም የመራዊ ልጅ፤ እሷ ራሷ አልታመመችም፣ ግን ማን ያስታማሚን ድካም ይሰማል? ማኅበር አይደለንም፣ ዕድርም አይደለንም፣ ስም የለንም። ሐይቁ ዳር አንድ ቡና ቤት አለ፣ ዋርካ ሥር ወንበር ያወጣሉ። የመረጥነው ለጣና እይታ አይደለም፤ ሽንት ቤቱ ቅርብና ንጹሕ ስለሆነ ነው። እኔ ቡና ሲያቃጥለኝ ጤና አዳም የገባበት ሻይ አዛለሁ፣ በርበሬም ቀንሻለሁ። አያ ቡናቸውን እስከ በረካ ይጠጣሉ። «የሚያቃጥለው ፊኛ የለኝ» ይላሉ።

ምን እናወራለን? ከካሜራው በፊት ስላለው ሳምንት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ ነው ክትትሉ፣ ከዚያ እየሰፋ ይሄዳል። ቀጠሮው ሲደርስ ቤተሰብ «ባለፈው ደህና ነበር እኮ» ይላል፣ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እኛ ግን ሽንት ቤት በገባን ቁጥር ቀለሙን እያየን ነው የምንወጣው። ይህን ለባለቤቴ ብነግረው ይጨነቃል። ለመምህሩ ስነግራቸው «እኔም» ይላሉ፣ በቃ።

ስለ ቤተ ክርስቲያንም እናወራለን። ይህ ለእኔ ትልቅ ነው። ደም በሚመጣኝ ቀን ወደ ውስጥ አልገባም፣ ጊዮርጊስ ደጁ ላይ፣ ዛፍ ሥር ነው የማስቀድሰው። ብዙ ወር እዚያ ቆምኩ። ያየኝ ሰው ምን ያስብ ይሆን እያልኩ እሳቀቃለሁ። አያ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፣ ሽንት የያዘ ከረጢት ሆዳቸው ላይ ተለጥፎ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ መርገጥ ፈርተው ነበር፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያገለገሉበት ደብር ነው። የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው አለቀሱ። አባ «ሕመም ኃጢአት አይደለም፣ ንጹሕ አድርገህ ና» አሏቸው። ይህን ሲነግሩኝ እኔም የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ደም ሲፈስሳት 12 ዓመት የኖረችውን የወንጌሏን ሴት አነሡልኝ፤ ልብሱን ስትነካ ያልገፋትን። በጾምም ውሃ እንድጠጣ ፈቀዱልኝ፣ ከካሜራ በኋላ ውሃ ማብዛት ያስፈልጋልና። ጸበሌን እጠጣለሁ፣ ቀጠሮዬንም አላልፍም። «አንዱን ያዢ፣ አንዱን ተዪ» የሚለኝን ሰው አልሰማም።

አንዳንድ ነገር ሳንነጋገርበት ደንብ ሆኗል። መድኃኒት አናዝዝም። አንዱ የሰማውን ቅጠል ይዞ ቢመጣ እንኳ «ለሐኪምህ ጠይቅ» እንለዋለን። የአንዱን በሽታ ከሌላው ጋር አናወዳድርም፣ ምክንያቱም የእኔ የላይኛው ሽፋን ላይ የቀረ ነው፣ የሹፌሩ ደግሞ ሲታወቅ አጥንቱ ጋ ደርሶ ነበር፤ እኔ «እኔ እኮ ድኛለሁ» ብለው እሱን ምን ይጠቅመዋል? ዝም ማለት የፈለገ ሰው ዝም ይላል። ሹፌሩ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ሐይቁን፣ እምቦጩ የወረረውን ዳርቻ እያየ ነበር የሚቀመጠው። እኛም አብረነው እንቀመጣለን።

ሹፌሩ ሞተ። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፤ እንዲህ ያለ ጓደኝነት ውስጥ የሚገባ ሰው ለቅሶም እንዳለበት ማወቅ አለበት። ቀብሩ ላይ ሄድን፣ ድንኳን ውስጥ ጥግ ይዘን ተቀመጥን። ቤተሰቡ አያውቁንም። አንድ የዘጌ ገበሬ፣ አንድ መምህር፣ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ አንዲት ወጣት፣ ምን አገናኛቸው ይባላል። ባለቤቱ መጣችና «ከየት ናችሁ?» አለችን። አያ «ሐይቁ ዳር አብረን እንቀመጥ ነበር» አሏት። ትንሽ አየችንና «የሐሙስ ሰዎች እናንተ ናችሁ? ሐሙስ ሐሙስ ተላጭቶ ነበር የሚወጣው» ብላ እያንዳንዳችንን ሳመችን። ሐሙስ ነበር የምንገናኘው።

ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ አልተገናኘንም። እኔ ፈርቼ ነው፣ ሌሎቹን እንጃ። የመራዊዋ ልጅ ናት ደውላ «መምህር ሕክምናውን እምቢ ብለዋል» ያለችን።

የመምህሩ ወደ ጡንቻው የገባ ነው። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ኬሞ፣ ከዚያ ፊኛው ይውጣ ብለዋቸዋል። ኬሞውን ጨርሰዋል፣ ቀዶ ሕክምናውን ግን «ከረጢት ተሸክሜ ከምኖር ልሙት» አሉ። ልጆቻቸው ለመኑ፣ ሽማግሌ ተላከ፣ አልሆነም። ሐኪሙ ሥዕል ስሎ አስረድቷቸዋል፤ ሥዕል ግን ሰው አይደለም።

ሐሙስ ዕለት ጠራናቸው። አያ እንደመጡ ቡና እንኳ ሳያዙ መምህሩን ይዘው ከቡና ቤቱ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ገቡ። እኔና ልጅቷ ውጪ ቀረን። ቆዩ። በጣም ቆዩ። የሆነውን በኋላ መምህሩ ራሳቸው ናቸው የነገሩን። አያ ሸሚዛቸውን ገልጠው አሳዩዋቸው። ከትንሹ አንጀት ተቆርጦ በተሠራ መተላለፊያ ከሁለቱ ኩላሊት የሚመጣው ሽንት በሆድ ቆዳ ላይ በተከፈተ ቀይ አፍ ይወጣል፣ ከረጢቱ እሱ ላይ ይለጠፋል። አፉን ሲነኩት አያምም። መምህሩ «ይሸታል?» ብለው ጠየቁ። «ጠጋ ብለህ አሽትት» አሏቸው፣ አሸተቱ። በደንብ ከተለጠፈ አይሸትም። ሌሊትስ? ትልቅ ከረጢት በቱቦ ይቀጠልበታል፣ እስኪነጋ ያስተኛል። ሽንቱ ላይ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ካየህ አትደንግጥ፣ የአንጀቱ ንፍጥ ነው፣ አንጀት መሆኑን አልረሳም። ሚስትህስ? ይህን ምን ብለው እንደመለሱ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም። መምህሩ ግን ሲወጡ ፊታቸው ላይ ሌላ ነገር ነበር።

ከረጢቱ በየፋርማሲው አይገኝም፣ ሲገኝም ውድ ነው። አያ አንዳንዱን ከውጭ ዘመድ ያለው ሰው ያመጣላቸዋል፣ አንዳንዱን ከአዲስ አበባ ያስልካሉ። አሁን በየሐሙሱ የቻልነውን እናዋጣለን፣ የመራዊዋ ልጅ ትይዘዋለች። የሹፌሩ ባለቤትም ትመጣለች፤ እሷም ታዋጣለች። እንደኛ የሆነ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ፣ ወይም ዙሪያው፣ ካለ በሚታከምበት ቦታ ሲስተሮቹን «ሰው አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ባይኖርም ጠያቂው ራሱ ለሚቀጥለው ሰው «አለ» ይሆናል። ሲስተሮቹ እንዲህ ያለ ነገር አይረሱም።

መምህሩ ቀጠሯቸው በሚመጣው ወር ነው። አያ አብረው ይሄዳሉ። አስታማሚ ልጆች አሏቸው፣ ግን «እኔ ነኝ የምሄደው» ብለዋል። ከቀዶው በፊት አፉ የሚከፈትበት ቦታ ሆድ ላይ በቀለም ምልክት ይደረጋል። ያን ጊዜ ተኝቶ ብቻ ማስለካት ጥሩ አይደለም፣ ተቀምጦም ቆሞም መታየት አለበት፣ አለዚያ ቀበቶ ያርፍበታል ወይ የቆዳ እጥፋት ውስጥ ይገባል። አያ ይህን በራሳቸው ላይ ስለሚያውቁት ባለፈው ሐሙስ መምህሩን አስነሥተው አስቀመጧቸው፣ አጎንብስ አሏቸው፣ ቀና በል አሏቸው። «የምታዘወትረውን ሱሪ ከነቀበቶው ለብሰህ ና፣ እኔ አጠገብህ ቆሜ አሳያቸዋለሁ» አሏቸው። መምህሩ ሱሪያቸው ስለሰፋባቸው እኔ እያጠበብኩላቸው ነው፣ ቅዳሜ ይወስዱታል።